የራሴን ካርድ ፍለጋ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጤና ጣቢያው ልጆች ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። አንዲት ነርስ በግራዬ በኩል ቆማ አንድ ነገር አለችና ሁሉም ሳቁ። አልሰማኋትም። አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን እስኪመሽ ድረስ ምን ብላ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ። ጠርጣራ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ግማሹን ጆሮዬ አስተማረኝ፣ ግማሹን ሥራዬ። ጥርጣሬዬ በአንድ በኩል ለሥራዬ በጅቶኛል፣ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሰው በድዬበታለሁ። ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ለመናገር ነው።

ትውልዴ ሐይቅ ነው። በልጅነቴ ጦር ሠራዊት ገብቼ የሕክምና ረዳትነት ተማርኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ እናቴ ቤት ተመልሼ ከአጥማጆች ዓሣ እየተረከብኩ ደሴ ላሉ ምግብ ቤቶች አቀርብ ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ሙያ ያላችሁ የቀድሞ ወታደሮች ተመዝገቡ ተባለ። ተመዘገብኩ። አንድ ቀን ቁስለኛ ስናነሣ ከባድ መሣሪያ አጠገባችን ወደቀ። ፍንጣሪው ዳሌዬ ውስጥ ገባ፤ ከፊሉን አወጡት፣ ከፊሉ ዛሬም እዚያው አለ። በግራ ጆሮዬ ከዚያን ቀን ወዲህ ከፉጨት በቀር የሰማሁት ነገር የለም።

ሆስፒታል ተኝቼ የጉዳት ደረጃ ሲወሰንልኝ ስለ ጆሮዬ ትንፍሽ አላልኩም። በቀኜ ያለችው ልጅ ሁለት እግሯን አጥታለች፣ በግራዬ ያለችው ዓይኗን። እነሱ ፊት ጆሮዬን ብል ሐፍረት መሰለኝ። ስለዚህ በወረቀቴ ላይ ዳሌዬ ብቻ ተጻፈ፤ ደረጃውም ዝቅተኛው ሆነ። በዚያ የምትመጣዋ ጡረታ ደግሞ ለቤት ኪራይም አትበቃም ነበር።

ሥራ ፈለግሁ። አምባሰል ውስጥ ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ለመቀጠር የጤንነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የመረመረኝ ሐኪም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ትሰሚያለሽ?» አለኝ። ከንፈሩን እያየሁ «እንዴታ!» አልኩት። «ጤናማ ነች» ብሎ ማኅተም መታልኝ። ያቺ ወረቀት ሥራ አስገኘችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላም የተቃወመችኝ እሷው ናት።

በካርድ ክፍሉ የተቀበለኝ አያ ወርቅነህ ይባላል። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት የሚለብስ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይጠፋ ሰው ነበር። ለውኃ እንኳ ሲወጣ በሩን ይቆልፋል። በመጀመሪያው ቀን «ልጄ፣ ካርድ አይዋሽም። የሚዋሸው ካርዱን የያዘው ሰው ነው» አለኝ። ያኔ ነፃ ሕክምና ያለው ሰው ካርዱን ለጎረቤቱ ያውስ ነበርና፣ አያ ወርቅነህ ስሙን በጥድፊያ የሚናገር በሽተኛ ሲያይ ያቆመዋል። የአያቱን ስም ይጠይቀዋል፤ ስለ ዝናቡ ትንሽ ያወራውና የእናቱን ስም ይጠይቀዋል፤ ዞር ብሎ ደግሞ የአያቱን ይደግማል። በሦስተኛው ላይ የተደናገረ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከእሱ የተማርኩት ብዙ ነው። ካርድ ከመደርደሪያ ከመሳቤ በፊት የሰውየውን ስም እስከ አያት ጮክ ብዬ መልሼ እንድነግረው፣ እሺታውን እስክሰማም እጄን እንዳላነሣ አስለመደኝ። ካርድ ሲወጣ አጠገቡ ያለውን ካርድ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውጭ ይስበዋል። ማታ ከመውጣቱ በፊት በመደርደሪያው ጥግ ቆሞ በአንድ ዓይኑ ረድፉን ያያል፤ ያፈነገጠ ካለ ያልተመለሰ ካርድ አለ ማለት ነው። ያ ካርድ ሳይገኝ ቤቱ አይሄድም። የሐኪሞቹን ጽሑፍ ደግሞ ከፋርማሲው ሠራተኛ ይልቅ እሱ ያነብበው ነበር።

በተቀጠርኩ በጥቂት ወር ዳሌዬ ተነሣብኝ። ከደሴ ለሥራ የመጡ አንድ ሐኪም አዩኝ። ብልህ ሰው ነበሩ፤ ከኋላዬ በግራ በኩል ሆነው በሹክሹክታ ጠሩኝና ዝም ስል ጊዜ ጆሮዬንም መረመሩ። በካርዴ ላይ በጦር ሜዳ ፍንዳታ ምክንያት የግራ ጆሮዋ አይሰማም፣ ዳሌዋ ውስጥ ፍንጣሪ አለ ብለው ጻፉ። ያንን ሳነብ ከሥራ መባረሬ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ካርዱን ቦታው አስገባሁና ከዚያ ወዲህ በራሴ ጤና ጣቢያ አልታከምኩም። ሲያመኝ ሐይቅ ወርጄ የግል ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ወይ ማስታገሻ ገዝቼ እውጣለሁ። የራሴን ካርድ ዳግም ለማየት አልደፈርኩም።

አሁን ወደምፈራው ነገር መጣሁ።

የገበያ ቀን ነበር። አያ ወርቅነህ ለስብሰባ ወጥቶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ሰው ተጨናንቋል። አንድ ሰውዬ በግራ በኩል ተጠግቶ ስሙን ነገረኝ። ሰይድ አሊ የሚለው ደረሰኝ። የአያቱን ስም ይማም ብዬ ሰማሁ። መልሼ ልነግረው ይገባ ነበር፤ ወረፋው ጮኸብኝና ተውኩት። የሰይድ አሊ ይማምን ካርድ አውጥቼ ሰጠሁት። ሰውየው ግን ሰይድ አሊ ይመር ነበር። በእሱ ካርድ ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም ፔኒሲሊን እንዳይሰጠው ተጽፏል። በያዘው ካርድ ላይ ምንም የለም። መርፌውን ተወጋ።

ኮሪደሩ ላይ ሲወድቅ ድምፁን በደህናው ጆሮዬ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ፊቱ አባብጦ ትንፋሹ ተቆርጧል። ነርሶቹ ተረባርበው ነፍሱን መለሷት፤ በመኪና ደሴ ወሰዱት። ከሳምንታት በኋላ ወጣ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ሰይድ አሊ በአካባቢው የታወቀ መንዙማ አውጪ ነበር፤ ድቤ ይዞ እስኪነጋ የሚያወጣ። ከዚያ በኋላ ግጥሙ መሐል ላይ ይጠፋው ጀመር። ቀስ በቀስም ተወው። ለቤተሰቡ የተነገራቸው መድኃኒት አልተስማማውም የሚል ብቻ ነው። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም።

አያ ወርቅነህ ማታ ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ በግራዬ ዞሮ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝም ስል ጊዜ ወንበሩን ጎትቶ በቀኜ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመትሽ ነው በዚህ ጆሮ ካልሰማሽ?»

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ስደርስ ጠረጴዛዬን አዙሮታል፤ መስኮቱ በቀኜ በኩል ሆኗል። ከዞን የመጡ አጣሪዎች ጠየቁን፤ ክፍሉ ተጨናንቆ ነበር ብሎ መለሰ፤ ለክፍሉ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ አለቀ። ስለ ጆሮዬ የጠየቀ አልነበረም። ለምን እንዳልጠየቁኝ ያኔ አልገባኝም።

ዓመታት ሄዱ። አያ ወርቅነህ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ቀዬው፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ወዳለችው መንደር ገባ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንደኛው ካርድ ክፍል መኖሩን የሚያስታውሰው ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ሌላዋ ደግሞ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ቶሎ ተቀየረች። የመጨረሻው አቶ ደረጀ ነው። ወጣት፣ ቁጥብ፣ ሪፖርት የሚወድ። እኔ ደግሞ እየባሰብኝ ሄደ። እግሬ ይደነዝዛል፣ ቆሜ ካርድ መደርደር አቃተኝ፣ ፉጨቱ ወደ ራስ ምታት ተለወጠ። የጉዳት ደረጃዬ እንዲሻሻል ለማመልከት የወሰንኩት ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው።

የማመልከቻ ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቴን አገላብጦ ቀና አለ።

«ሥራ ላይ ነዎት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጉዳቱ ባሰ የሚሉት በምን?»

«ሥራ ላይ ስለሆንኩ አያመኝም ማለት ነው?»

«እኔ አላልኩም። የሐኪሞች ቦርዱ ይጠይቅዎታል። ሲቀጠሩ ጤናማ ተብለዋል፤ ጆሮው ከጦርነቱ ለመምጣቱ የዚያን ጊዜ ማስረጃ ያምጡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የሚሰልለኝ መሰለኝ። ውጫሌ ገበያ ዘንቢል መያዝ ተውኩ፤ ደህና ናት እንዳይሉ። እውነቱን ልናገርና፣ በማያመኝ ቀንም እያነከስኩ የሄድኩበት ጊዜ አለ። በሽታዬ የራሴ ሆኖ ሳለ እንደ ሌባ እጠብቀው ነበር።

ማስረጃው ያ የሸሸሁት ካርዴ ነው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፤ ከፊቱ ያለው አለ፣ ከኋላው ያለው አለ፣ የእኔ የለም። በቦታው ወጥቷል የሚል ምትክ ወረቀትም አልገባበትም።

አቶ ደረጀ ቢሮ ገባሁ።

«ካርዴ የለም» አልኩት።

«ጦርነቱ በልቶት ይሆናላ እቴ መዲና።»

በእኛ አገር ያን ሰሞን ጦርነቱ ያልበላው ነገር አልነበረም። የጠፋ ማኅተም፣ የጠፋ ፍራሽ፣ የጠፋ ሞተር ሳይክል፣ ሁሉን ጦርነቱ በላው ይባላል። የሰሜኑ ጦርነት እኛ ድረስ በመጣ ጊዜ ጤና ጣቢያችን በእርግጥ ተዘርፏል። ስንመለስ ካርዶቹ መሬት ላይ ተበትነው ጫማ ረግጧቸው ነው ያገኘናቸው። ግን በጉልበቴ ተንበርክኬ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከዚያም ለሁለት ተከፍለን ከመዝገቡ ጋር አስተያየን፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ራሱ ደረጀ። የእኔ ቁጥር በእሱ ግማሽ ውስጥ ነበር። መዝገቡን አወጣሁት። በካርዴ ቁጥር አንጻር «አለ» የሚል ምልክት አለበት፤ ከግርጌው የደረጀ ፊርማ።

«ከጦርነቱ በኋላ ካርዴ አለ ብለው ፈርመዋል» አልኩት።

ምልክቱን አየው። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። «ልፈልገው እችላለሁ» አለ።

ያ መቅላት በቃኝ። የክፍሉ ቁልፍ ሦስት ነው፤ አንዱ በእኔ፣ አንዱ በእሱ፣ አንዱ በዘበኛው እጅ። ቦርዱ ጆሮዋ አይሰማም ካለ፣ መስማት የማትችል ሴት መስኮት ላይ አስቀምጦ ነበር ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ካርዴን ያጠፋው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። በምወደው በጥሩ አማርኛ ለወረዳው ክስ ጻፍኩ፤ «የሕክምና ማስረጃዬን ሆን ብለው ሰውረውብኛል» አልኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ደረጀ ዞን ላይ ለሚገኝ የተሻለ ቦታ ታጭቶ ነበር፤ ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ ቆመ። ስሰማ ደስ አለኝ። ይህንንም አልክድም።

ኮሚቴው ምስክር አለሽ ወይ ሲለኝ አያ ወርቅነህን አሰብኩ፤ ካርዱ መኖሩን ያውቃል። በሚኒባስ ሐይቅ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ እያረፍኩ አርዲቦ ዳር ቤቱ ደረስኩ። ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ ለየኝ። ሴት ልጁ ወንበር አወጣችልን። በቀኜ በኩል ተቀመጠ፤ ልማዱን አልረሳም።

የደረጀን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ዘረገፍኩለት። ፊርማውን፣ መቅላቱን፣ ቁልፉን። ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«ልጄ፣ ደረጀን ተይው» አለኝ።

«እንዴት እተወዋለሁ አያ?»

«ካርድሽ እኔ ዘንድ ነው።»

ቤት ገብቶ በዳበሳ ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። የእኔ ካርድ ነበር። የሐኪሙ ጽሑፍ ሳይደበዝዝ አለ።

«ያኔ አጣሪዎቹ ሊመጡ ሲሉ ነው ያወጣሁት» አለ። «የሠራተኞቹን ካርድ እናያለን ብለው ነበር። ይህንን ቢያዩ ያን ዕለት ትባረሪ ነበር፤ ምናልባትም ትታሰሪ። በኋላ እመልሰዋለሁ አልኩ። ለመመለስ ፈራሁ። ጡረታ ስወጣ ይዤው ወጣሁ። በሕይወቴ ሳላስፈርም ያወጣሁት ካርድ ይህ ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብታውቂ አንቺም ተባባሪ ትሆኛለሽ ብዬ። በእመብርሃን፣ ለደግ ነው ያደረግሁት። አሁን የምትፈልጊውን አድርጊበት። እኔ እንደሁ ካሁን በኋላ ማንም ምንም አያደርገኝም።»

ካርዱን ታቅፌ ስመለስ ያሰብኩት ነገር ጥሩ አልነበረም። መደርደሪያ ውስጥ ወሽቄ «ተገኘ» ብል ማንም አያውቅም። ደረጀ ደብቆት ፈርቶ የመለሰው ይመስላል። ባጃጁ ሐይቅ እስኪደርስ ድረስ ይህንን እያብሰለሰልኩ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ግን ካርዱን ገለጥኩና የሐኪሙን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ከሰይድ አሊ መውደቅ በፊት የተጻፈ ነው። ጆሮዬ እንደማይሰማ አውቄ መስኮት ላይ መቀመጤን የሚናገር ወረቀት ነው። ጡረታዬን የሚያስጨምርልኝ ይኸው ወረቀት ጥፋቴንም ያወጣዋል። አንዱን አሳይቼ ሌላውን መሸፈን አልችልም።

በማግሥቱ ደረጀ ቢሮ ገብቼ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የት እንደነበረ ነገርኩት። ክሴን የማነሣበትን ደብዳቤም ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው።

«ያን ዕለት የቀላሁት» አለ፣ «ካርዶቹን አንድ በአንድ ስላላየናቸው ነው። ረድፉ ሙሉ መሰለን፤ ምልክት አደረግን። ሪፖርቱ ተጣድፎ ነበር። ሲጠይቁኝ አፈርኩ።»

«ይቅር በለኝ ደረጀ።» አንቱታውን ረስቼ ነው እንዲህ ያልኩት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። የዞኑ ቦታ ግን ትናንት ለሌላ ሰው ተሰጠ» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰላምታ አልነፈገኝም፤ ቢሮው ይቀመጡ ብሎኝም አያውቅም።

ደሴ ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሐኪሞች ናቸው። አንደኛው ካርዴንና የጤንነት ማረጋገጫዬን ጎን ለጎን ዘርግቷል።

«ከሁለቱ ውሸቱ የቱ ነው?» አለኝ።

«ጤናማ ነች የሚለው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሥራ ፈልጌ።»

«አሁን ደግሞ ጡረታ ፈልገው እንደማይዋሹ በምን እናውቃለን?»

«እንግዲህ መርምሩኝ» አልኩ። መረመሩኝ። በመሣሪያ፣ ከኋላ በመናገር፣ በራጅ። አንዱ ከኋላዬ በግራ በኩል ቆሞ በሹክሹክታ ሲጠራኝ ቆይቶ ሲመጣ የሌሎቹን ፊት አየሁ፤ ሁለቱም መዞሬን ሲጠብቁ እንደነበር ገባኝ። አልዞርኩም ነበር። ስለ ሰይድ አሊ ሳይጠይቁኝ ራሴ ነገርኳቸው። ከሦስቱ አዛውንቷ ሐኪም ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝና «ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም። የሚመለከታቸው ሰዎች ያውቃሉ?» አለችኝ።

ውሳኔው ከወራት በኋላ መጣ። የጆሮዬ ጉዳት ከጦርነቱ ነው ተብሎ ተያዘልኝ፣ ደረጃዬም ከፍ አለ። የእግሬን መደንዘዝ ከዕድሜ ጋር የመጣ አሉት። እኔ አላምንበትም፤ ይግባኝ ግን አልጠየቅሁም። የወረዳው ኮሚቴ አያ ወርቅነህን ዕድሜውን አይቶ ተወው፤ በእኔ ፋይል ላይ የጽሑፍ ተግሣጽ አስገባ። ጡረታ የወጣሁት ያንን ተግሣጽ ይዤ ነው።

የሐኪሟ ጥያቄ ግን አብሮኝ ከረመ። ጋቢውን በለበስኩ በሳምንቱ ሰይድ አሊ ይመር ቤት ሄድኩ፤ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው። ሰይድ አሊ አጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ማን እንደሆንኩ አላወቀኝም፤ በትሕትና ግን «መርሐባ» አለኝ። ሚስቱ ፋጡማ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ተቀመጥኩና ነገርኳት፤ የአያቱን ስም እንዴት እንደሰማሁ፣ የትኛውን ካርድ እንደሰጠሁ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እጇ ብቻ በቆሎው ላይ ቆመ።

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ።»

«ያን ጠዋት እኮ እህቱ ከድጃ ቤት ነው የነበረው። ሾርባ አጠጥታው ነው የወጣው» አለች። «ከድጃ ናት ድግምት ያስደረገችበት አልኩ። ለሰው ሁሉ ተናገርኩባት። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ልጇን ስትድር አልሄድኩም። እናታቸው ስትሞት ለየብቻ ነው የተቀመጥነው። አንቺ ያኔ አፍ አልነበረሽም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ፈርተሽ!» ተነሣች። ጉፍታዋን ከግድግዳው አወረደች። «እዚሁ ተቀመጪ። ሳልመለስ ብትሄጂ አላህ ይፋረድሽ» ብላ በአጥሩ በር ወጣች።

ከሰይድ አሊ ጋር ተቀመጥን። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ደግሞ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ መለስኩለት። መሸሽ አማረኝ፤ ወገቤም እንድነሣ ይነዘንዘኝ ነበር። አልተነሣሁም።

ብዙ ቆይቶ ሁለት ሴቶች በእርሻው ዳር ሲመጡ አየሁ። ጎን ለጎን አይደሉም፤ አንዷ ቀድማለች፣ ፋጡማ ከኋላ ናት። የቀደመችው ጠጉሯ የሸበተ፣ ረጅም ሴት ናት። አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እግሯን ለማስገባት ያመነታች መሰለኝ። ከዚያ ገባች፤ ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው፣ ወደ እኔም ዞረች።

«ለእሷ የነገርሻትን» አለችኝ፣ «ለእኔም ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

በቀኜ በኩል ቦታ ለቀቅሁላት። ተቀመጠች። ነገርኳት።